አሥራ ሦስተኛዋ የወርቅ ዶላር

ሎይድ ሳተርፊልድ የመጀመሪያው ጣቱ ሲሰበር አልጮኸም። የጮኸው በሁለተኛው ነው።

ቀኑ እሑድ፣ ወሩ የካቲት፣ ሰዓቱ ረፋድ ነበር። ከዳሎኔጋ ከተማ ወጣ ብላ ኮረብታ ላይ በተሠራችው ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ በገዛ የልብስ ማስጫ ገመዱ ታስሮ ተቀምጧል። ማገዶ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲመለስ ነበር ሁለት ሰዎች ከበሩ ጀርባ ጠብቀው የያዙት። ሁለቱም ፊታቸውን በሹራብ ጭንብል ሸፍነዋል። አንደኛው ግንድ የሚያክል ሰው ነው፤ ከጭንብሉ ሥር ቀይ ጺሙ ወጥቶ ደረቱ ላይ ተንዠርግጓል። ሌላው ቀጠን ያለ ነው። የሱፍ ጓንት አጥልቋል፣ ሽጉጥ ይዟል፣ ከገባ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በሩን ተደግፎ ቆሟል። ጺማሙ ግን አፉ አያርፍም።

"አባባ፣" አለ ፒንሳውን ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ "እኔ እኮ አልቸኩልም። ስምንት ጣት ቀርቶሃል፣ እግርህ ላይ ደግሞ ሌላ አሥር አለ። ከፈለግህ እስከ ራት አብረን እንውላለን።"

የቸኮለው ሎይድ ነበር። ሚስቱ ኔታ ቤተ ክርስቲያን ናት። እሱ ጉልበቱን አሞት ነው የቀረው። ስብከቱ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ስድስት ከሩብ ሲሆን መኪናዋ ግቢ ትገባለች። አርባ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ከዚያ ሰዓት ዘግይታ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከሃያ ይላል። እነዚህ ሰዎች ኔታ ሳትመጣ ከዚህ ቤት መውጣት አለባቸው፤ ሎይድ ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ቢያንስ ለራሱ እንደዚያ ይለው ነበር። ሆኖም የሚያስወጣቸውን አንድ ቃል ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

አርባ ሁለት የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩት። አርባ አንዱን ከብረት ሣጥኑ አውጥተው ወስደዋል። ጺማሙ አንድ በአንድ ከየመያዣቸው እያራገፈ፣ በቆሎ እንደሚጭን ሰው፣ ትራስ ልብስ ውስጥ ዘረገፋቸው። ወርቅ በወርቅ ላይ ሲወድቅ ሎይድ ጥርሱን ነከሰ። በሩ ጋ የቆመው ዝምተኛም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሎይድ ይህን አይቷል፣ ነገር ግን ጣቱ በፒንሳ የተያዘ ሰው ብዙ አያስብም።

የሚፈልጉት አርባ ሁለተኛዋን ነው። ጺማሙ ገና ሲገባ በስሟ ነው የጠየቀው፤ "ትንሿ ዶላር፣ የስልሳ አንዷ" ብሎ፣ የቤት ሥራውን አጥንቶ እንደመጣ ተማሪ።

ሳንቲሟ ከሸሚዝ ቁልፍ እምብዛም አትበልጥም። በ1861 እዚያው ዳሎኔጋ በነበረው የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ የተመታች ናት፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ መባቻ ደቡቦቹ ማተሚያውን ነጥቀው በያዙ ጊዜ። ስንት እንደተመታ የጻፈ ሰው የለም። የመምቻው ብረት አርጅቶ ስለነበር ከፊቷ ካሉት ፊደላት የመጀመሪያዋ ጠፍታለች። ሰብሳቢዎች የሚያብዱላት በዚህች ጉድለቷ ነው። ሎይድ ሠላሳ ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያ ሠርቶ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ስትለምነው የነበረችውን አዲስ መኪና ለኔታ መግዛቱን ትቶ፣ ከአንዲት ባሏ ከሞተባት ሴት ገዛት። ኔታ አሮጌውን መኪና ስድስት ዓመት ጨምራ ነዳችው።

ሦስተኛው ጣት ሲሰበር ድምፁ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነበር። ሎይድ ወለሉ ላይ አስመለሰ። ቀና ሲል ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፎ ወደ ሩብ ጉዳይ ተጠግቷል። ኔታ በዚያ ሰማያዊ ኮፍያዋ በሩን ከፍታ ስትገባ ታየችው። ጺማሙ ፒንሳውን በማን ጣት ላይ እንደሚያደርግም ታየው።

"ከማገዶው ሣጥን ሥር ነው፣" አለ። "አንዷ የወለል ሳንቃ ትነሳለች። አነሳሷን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።"

ፈቱት። በአንድ እጁና በአንድ ጉልበቱ እየተሳበ ምድጃው አጠገብ ደረሰ። የብረት ምድጃው በር ማገዶ ሊጨምርበት ሲወጣ እንደተወው ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፍሙ ፊቱን ገረፈው። ሳንቃውን አንስቶ የትምባሆ ቆርቆሮ አወጣ፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ትንሽ የወረቀት ፖስታ። ከዚያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወደቀ። መልሰው አላሰሩትም። ሦስት ጣቱ የተሰበረና ጉልበቱ የማይታጠፍ ሽማግሌ ምን ያደርጋል ብለው ይሆናል።

ጺማሙ ፖስታውን ነጥቆ በጥርሱ ቀደደው፤ ሳንቲሟን መዳፉ ላይ ጣላት። ከዚያ ሳቁ መጣ።

"ይቺ ናት? ሦስት ጣት የከፈልክላት? የልጄ የወተት ጥርስ ትበልጣለች እኮ፣ አባባ። ደግሞ ቆሽሻለች።"

ምራቁን ጢቅ አለባትና በአውራ ጣቱ፣ ቀጥሎም በሱሪው ጭን ላይ አሻት።

"አትሻት!"

የጮኸው ሎይድ አልነበረም። ሎይድም አፉን ከፍቶ ነበር፣ ነገር ግን ዝምተኛው ቀደመው።

"አንተ ደንቆሮ፣ በጣትህ አትሻት! በጠርዟ ያዛት!"

በሁለት እርምጃ ወጥ ቤቱን አቋርጦ መጣና የሽጉጡን እጀታ በጺማሙ መንጋጋ ላይ አሳረፈው። ጺማሙ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ። ዝምተኛው ሳንቲሟን ከአየር ላይ ቀለባት። በሁለት ጣቶቹ ጫፍ፣ ጠርዟን ብቻ ነክቶ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረጋት፣ ገለበጣት፣ እንደገና ዘንበል አደረጋት። ከዚያም ሎይድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አንጥፎት በነበረው ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ላይ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ አኖራት። ይህን ሁሉ ያደረገው እጁ ነው። ራሱ አላሰበበትም።

ሰብሳቢ ያልሆነ ሰው ይህን አይረዳውም። ሳንቲም ከማተሚያው ስትወጣ ቆዳ አላት። ያ ቆዳ መቶ ሠላሳ ዓመት ቀስ እያለ ይጠይማል፣ አንድ ጊዜ ከታሸ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። በሰብሳቢዎች ዘንድ ሳንቲም ያጸዳ ሰው ስሙ ለዘላለም በክፉ ይነሳል፤ ሰርቆ የታሰረ እንኳ እንደዚያ አይነሳም።

ሎይድ ድምፁን አውቆታል። ሃያ ስድስት ዓመት የሰማው ድምፅ ነው። የዱዌይን ካንትረል ድምፅ።

ዱዌይን ጡረታ የወጣ ፖስታ አመላላሽ ነው፣ በየሐሙሱ እነሱ ቤት ይመጣል። ኔታ የበቆሎ ዳቦና ባቄላ ታቀርብላቸዋለች፣ ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ሳንቲም ሲያዩ ያመሻሉ። ዱዌይን የዳሎኔጋን የወርቅ ዶላሮች በሙሉ ሰብስቧል፣ ከ1849 እስከ 1860፣ አሥራ ሁለቱንም። ራሱ ከዋልነት እንጨት በጠረበው ገበታ ላይ አሥራ ሦስት ጉድጓድ አለ፣ የመጨረሻው ባዶ ነው። ያን ጉድጓድ ሊሞላ አሥራ አንድ ዓመት ሎይድን ለመነው። ሎይድ አልሸጥም አለ። አልሸጥም ብሎ ቢተወው መልካም ነበር፣ ግን አልተወውም። በየሐሙሱ ትንሿን ዶላር እያወጣ ከፋዩ ላይ ያስቀምጥለታል፣ አጉሊ መነጽሩን ያቀብለዋል፣ ጠግቦ ሳያይ መልሶ ይወስዳታል። የዱዌይን አንገት ሲቀላ ማየት ለሎይድ ከባቄላው ይጣፍጠው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ሳንቲሟን በጸደይ አትላንታ ለጨረታ ልልካት ነው ብሎ ነገረው። ዱዌይን ሹካውን አስቀምጦ፣ ደግ አደረግህ፣ ጥሩ ታወጣልሃለች አለ። ኔታን ስለ ምግቡ አመስግኖ ሄደ።

አሁን በጭንብሉ ቀዳዳ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሎይድ ቶሎ አቀረቀረ። ግን ረፍዷል።

"አወቀህ፣" አለ ጺማሙ ደም እየተፋ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ 'አፌን አልከፍትም፣ አንተ ተናገር፣ እኔ አልናገርም' ስትለኝ ከርመህ፣ ለአንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ብለህ እንደ ወይዘሮ ጮህክ።" መንጋጋውን በእጁ ነካካ። "በል ጨርሰው። ወይም ሽጉጡን ስጠኝ።"

የዱዌይን ዓይን ሳንቲሟ ላይ ነው። ሽጉጡ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። ሎይድ ደግሞ ፒንሳው ጠረጴዛው ላይ፣ ከከፋዩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ እንዳለ አየ። በደህና እጁ ብድግ አድርጎ የሳንቲሟን ጠርዝ ነከሰበት።

"አንድ እርምጃ ከተጠጋችሁኝ እጠመዝዛታለሁ፣" አለ።

የዱዌይን ትንፋሽ ቆመ። ያች ወርቅ ስስ ናት፤ በፒንሳ እንደ ቅጠል ነው የምትጠቀለለው። ጺማሙ ግን ከት ብሎ ሳቀ።

"ጠምዝዛት። ወርቅ ሲጣመምም ወርቅ ነው። እንዲያውም ለኪስ ይመቻል።"

ከማገዶው ሣጥን ላይ መጥረቢያውን አነሳና ወደ ሎይድ መጣ።

"ጋርላንድ፣ ቁም፣" አለ ዱዌይን።

ጋርላንድ አልቆመም። "እጁን ከነሳንቲሙ ቆርጬ ነው የምሰጥህ" እያለ መጥረቢያውን ከትከሻው በላይ አነሳ።

ዱዌይን ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ጋርላንድን ጎኑ ላይ አገኘውና አዞረው፤ ሰውየው የመታውን ሳይሆን ያስገረመውን ሰው እንደሚያይ ሆኖ ዱዌይንን አየው። መጥረቢያውን ይዞ ወደ እሱ መራመድ ጀመረ። ሁለተኛው ጥይት አንገቱ ላይ ገባ። ደሙ የኔታን ነጭ መጋረጃ ረጨው። ጋርላንድ በሁለት እጁ ጉሮሮውን ይዞ፣ ማቀዝቀዣውን ታኮ ቀስ እያለ ወረደ። ተረከዙ ወለሉን ጥቂት ጊዜ ደበደበ። የትራሱ ልብስ በእግሩ ተመትቶ ተገለበጠና አርባ አንዱ ወርቅ ወለሉን ሞላው። አንዷ እየተንከባለለች ሄዳ ምድጃው ሥር ገባች።

ዱዌይን ጭንብሉን አወለቀ። ነጭ ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል። ወንበር ስቦ ከሎይድ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ሽጉጡን ግን አላስቀመጠም።

"ብትሸጥልኝ ምን ነበረበት፣ ሎይድ?"

ሎይድ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት አልፏል።

"ውሰዳትና ሂድ፣" አለ። "ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው የገባው እላለሁ። ሽጉጡን ተውልኝ፣ እኔ ገደልኩት እላለሁ። ብቻ አሁን ሂድ።"

ዱዌይን ከልቡ አሰበበት፣ ሎይድ ፊቱ ላይ አየው። ከዚያ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

"መንገዱ አንድ ነው። አሁን ብወጣ ኔታን ድልድዩ ላይ ነው የማገኛት። መኪናዬን ታውቃታለች።"

"ኔታ ምንም አትልም።"

"ኔታ?" ዱዌይን ሳይፈልግ ፈገግ አለ። "ኔታ በስብከት መሃል ያንቀላፋ ሰው እንኳ ስሙን ጠርታ የምትናገር ሴት ናት።"

ሎይድም ሳይፈልግ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ሃያ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም።

"እጠብቃታለሁ፣" አለ ዱዌይን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ለምን እንደሚጠብቃት አላለም። ሽጉጡን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረና ጓንቱን ጠበቅ አድርጎ አጠለቀ። ዓይኑ አንድ ጊዜ ወደ ግቢው መስኮት፣ አንድ ጊዜ ወደ ፒንሳው ይሄዳል። ወደ ሎይድ ፊት አይሄድም።

ሎይድ የጣቶቹ ሕመም ጥሎት ሲሄድ ተሰማው። ፒንሳው ሳንቲሟን እስከያዘ ድረስ ዱዌይን እሱን አይተኩስበትም፤ ኔታን ግን ይተኩስባታል። በመስኮት በኩል፣ ገና ከመኪናዋ ስትወርድ። ቢጠመዝዛትስ? ያን ጊዜ ሁለቱንም ይገድላቸዋል፣ ምክንያቱም የሚሳሳለት ነገር አይኖርም። ዱዌይንን ሽጉጡን የሚያስጥለው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። እሱም የጠፋች ሳንቲም ሳትሆን፣ ልትጠፋ የተቃረበች ሳንቲም ናት።

ከታች፣ ከጥድ ዛፎቹ መሃል፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ማርሽ ስትቀይር ሎይድ ሰማት። ዱዌይንም ሰምቷል፤ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ዱዌይን፣" አለ ሎይድ።

ዱዌይን ሲዞር፣ ሎይድ ዓይኑ እያየ ፒንሳውን ወደ ተከፈተው ምድጃ ወረወረው። ፒንሳው በሩን መትቶ ተመለሰ። ሳንቲሟ ግን ከመንጋጋው ወጥታ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ፍሙ መሃል ገባች።

ዱዌይን ያወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ሽጉጡን ጥሎ በጉልበቱ ወደቀ፣ እጁንም እስከ ክርኑ ምድጃው ውስጥ አስገባ። የሱፍ ጓንቱ ወዲያው ተያያዘ። እጁን አላወጣም። ፍሙን እንደ አሸዋ እየዛቀ ይፈልጋል፤ እየጮኸ ይፈልጋል። የተቃጠለ ሱፍና የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ሎይድ ከምድጃው ጎን የቆመውን የእሳት መቆስቆሻ ብረት አነሳ። የመጀመሪያውን ትከሻው ላይ ነው ያሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር በብረቱ በኩል እጁ ድረስ ተሰማው። ዱዌይን አልዞረም፣ አሁንም እየፈለገ ነው። ሁለተኛው ጀርባው ላይ ወረደ። ያኔ ዱዌይን እጁን ጨብጦ አወጣና በጎኑ ተዘረረ። ከዚህ በኋላ መምታት አያስፈልግም ነበር። ሎይድ ግን መታው። ጎድኑን መታው፣ ጉልበቱን መታው፣ ባልመታው በኩል ዞሮ እንደገና ጎድኑን መታው። ሲመታው የሚያስበው ኔታን አልነበረም። ፍሙ ውስጥ የገባችውን ወርቅ ነበር፤ አንተ ነህ ያስጣልከኝ፣ አንተ ነህ ያስጣልከኝ ይል ነበር በሆዱ። ብረቱ ከእጁ ሲያመልጠው ነው ያቆመው።

በሩ ተከፈተ። ኔታ የእሑድ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ሰማያዊ ኮፍያዋን እንደደፋች ደፉ ላይ ቆማለች።

አልጮኸችም። ማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ሰው አየችው፣ መጋረጃዋን አየችው፣ ወለሉ ላይ የተበተነውን ወርቅ አየችው። ሽጉጡን በጫማዋ ጫፍ ገፍታ ከቁም ሣጥኑ ሥር ከተተችው። የዕቃ ማጠቢያውን ባልዲ አንስታ የዱዌይን እጅ ላይ ውሃውን ደፋችበት። እጁ ጢሱን ለቀቀ። ዱዌይን አቃሰተ።

"ዱዌይን ነህ እንዴ?" አለች ጎንበስ ብላ።

"ነኝ፣ ኔታ።"

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ግራ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሎይድ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ከጓሮው ጀምሮ፣ ሳያሳምር፣ ቶሎ ቶሎ። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

"ስንተኛው ጣት ላይ ነው የነገርካቸው?"

"ሦስተኛው ላይ።"

"የምመጣበትን ሰዓት እያየህ።"

ሰዓቱ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ነው፤ ሁለቱም ቀና ብለው አላዩትም።

ኔታ ተመልሳ ዱዌይን አጠገብ ተንበረከከች። የተቃጠለውን ጭብጡን ጣት በጣት ከፈተችው። በዚህ ጊዜ ዱዌይን ራሱን ሊስት ደረሰ፣ ግን ዓይኑን ከመዳፉ አላነሳም። ሳንቲሟ እዚያ ነበረች፣ ሥጋው ላይ ተጣብቃ፣ ጥላሸት መስላ። ኔታ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ጊዜ ነክታት አታውቅም፤ አትንኪያት ተብላ ነው የኖረችው። አሁን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ፣ ፊቷንና ጀርባዋን ተጭና ላጠቻት።

"በጠርዟ ያዢያት፣ ኔታ፣" አለ ዱዌይን ከወለሉ።

ሎይድ ቃሉን እሱም ሊለው በአፉ ይዞት ነበር። ዋጠው፣ ግን ኔታ ከንፈሩን አይታለች።

መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ረጋ ብላ ተመለከተቻቸው። ተነሣችና ሳንቲሟን ካፖርት ኪሷ ውስጥ፣ የመኪና ቁልፍና የቤት ቁልፍ፣ የፀጉር መርፌና የተረፈ ሽርፍራፊ ገንዘብ ውስጥ ጣለቻት። ከዚያ ወደ ሸሪፉ ለመደወል ስልኩ ወዳለበት መተላለፊያ ወጣች። በተራመደች ቁጥር ኪሷ ውስጥ ያለው ሁሉ እየተጋጨ ይንቀጫቀጫል። ሁለቱ ወንዶች፣ አንዱ ተቀምጦ አንዱ ተጋድሞ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያን ድምፅ አዳመጡ።